ከግድግዳው ወዲያ
ልደታ ውስጥ ብቻዋን የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ ሸዋዓለም ጠዋት ስትነሳ ከዓይኗ ጀርባ የሚጠዘጥዛት ሕመም አብሯት ይነሳል። ሐኪሟ፣ «ሳይነስሽን የሚያቆስለው ብርድ አይደለም፤ የገዛ ሰውነትሽ ነው ራሱን የሚወጋው» ብሏታል። ለብ ባለ የጨው ውሃ አፍንጫዋን ታጥባ ታስነጥሳለች። ያኔ ጎረቤቷ አቶ አምሳሉ ከግድግዳው ወዲያ «ይማርሽ» ይሏታል፤ እሷም «ያኑርዎት» ትላለች።

በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጠባቂዎች አቶ አምሳሉን ወስደው ቤታቸውን አሸጉት። «ይማርሽ» ግን አልቀረም። ሽማግሌው አምልጠው የተደበቁ መሰላት፤ እንዳታስይዛቸው ብላ «ያኑርዎት» ማለቱን ተወች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ጠባቂዎቹ ቤቱን ለሌላ ተከራይ ሊሰጡ መጡና ምስክር እንድትሆን ጠሯት። የራሷን በር ቆልፋ ተከተለቻቸው። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ወለሉን በሸፈነው አቧራ ላይ አንድም ዱካ የለም። አቧራው አፍንጫዋ ሲገባ ሕመሙ ግንባሯን ሰነጠቃትና አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አለ ድምፁ፤ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእሷ ቤት።

አንዱ ጠባቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«እቤትሽ ማን አለ?» አላት።