ኮሌታ ላይ የተጠለፈው

በዚያ ዘመን የአንዱ ኩባንያ ሶፍትዌር የጻፈውን ሰነድ የሌላው እንዲከፍት ሕጉ አይፈቅድም ነበር።

አልጋነሽ ትኩሳት የሚያንዘፈዝፋትን የእህቷን ልጅ ሶስናን ታቅፋ ድንገተኛ ክፍል ገባች።

«የሕክምና ፋይሏ ይኸው» ብላ ስልኳን ዘረጋች።

ዶክተር ትርሲት ብትሞክረው ስክሪኑን ባዶ ሳጥኖች ሞሉት። «የእኛ ሶፍትዌር ይህን አይከፍተውም። የማይስማማት መድኃኒት አለ?»

«እንጃ! የምታውቀው እናቷ ናት፤ እሷ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ናት።»

ሶስና ትንፋሽ እያጠራት ነው። ነርሷ መርፌውን ይዛ ቆማለች።

«ኮሌታዋን ይገልብጡት!» አለች ዶክተሯ ድንገት።

አልጋነሽ የሸሚዙን ኮሌታ ገለበጠች። በቀይ ክር፣ በእህቷ እጅ፣ «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚል ተጠልፎበታል።

ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሮጠች፤ ሌላ ይዛ ተመለሰች።

የልጅቷ ትንፋሽ ሲረጋጋ አልጋነሽ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ኮሌታዋ ላይ እንዳለ እንዴት አወቁ?»

«እኔም ለልጄ እጠልፋለሁ» አለች ትርሲት።

«ሐኪም ሆነው?»

ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ፣ «የልጄም ፋይል እዚህ አይከፈትም» አለች።