የሰርቨር ክፍሉ ጠበኞች

አዲሱ አለቃ ወደ ምርመራ ላቦራቶሪው እንደመጣ መጀመሪያ የተነገረው ነገር ይኸው ነው፤ የሰርቨር ክፍሉ ሁለት ሠራተኞች ዓይንና ናጫ ናቸው።

ሴትዮዋ ሰርቨሩን ትይዛለች። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ሰርቨር ይላታል። ወጣቱ የባክአፑ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂው፣ ኃላፊ ነው፤ ስሙም ባክአፕ ሆኖ ቀርቷል።

የበሽተኞች ውጤት በሙሉ ያለው ጥግ ላይ ተቀምጦ እንደ ምድጃ በሚግል አንድ ሰርቨር ውስጥ ነው። በላዩ የተጫነው ሊኑክስ የሚባለው ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም አርጅቷል። የባክአፑ ፕሮግራም ደግሞ አዲስ ቨርዥን ስለሆነ አሮጌ ሊኑክስ አያናግርም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁሌ እሷ ውጤቱን ወደ ሃርድ ዲስክ ትገለብጣለች፤ እሱ ዲስኩን ከእጇ መንጭቆ ወደ ባክአፑ ያስገባል። የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት መሆኑ ነው።

አለቃው ሁለቱንም ጠርቶ ቁርጡን ነገራቸው።

«ለአንድ ባክአፕ ሁለት ሰው አልቀልብም። ወይ ሊኑክሱ ይታደሳል፣ ወይ ባክአፑ ወደ አሮጌው ቨርዥን ይመለሳል። ከዚያ አንዳችሁ ትሰናበታላችሁ።»

«ሊኑክሱን የነካ ሰው በእሱ የሚሠሩትን የምርመራ ማሽኖች ገደላቸው ማለት ነው» አለች እትዬ ሰርቨር። «ይሄ ውርጋጥ ግን ምን ገዶት!»

«እኔ ባክአፑን ከመለስኩ የሌሎቹ ክፍሎች ኮምፒውተሮች ሜዳ ላይ ይቀራሉ» አለ ወጣቱ። «ደሞ አንቺ አርፈሽ ጡረታሽን ጠብቂ!»

አለቃው ክው አለ። እሱ ራሱ «እርስዎ» የሚላትን ሴት፣ ይህ ልጅ ሽበቷን እንኳ ሳያፍር «አንቺ» ይላታል።

«አሳዳጊ የበደለህ!» ብላው በሩን በላዩ ላይ ወርውራ ወጣች።

«ይህንን ባለጌ ማን ቀጠረው?» ሲል አለቃው ጸሐፊዋን ጠየቃት።

«ተወዳድሮ ነው የገባው። እዚህ በዘመድ መቀጠር ክልክል ነው» አለች። «ጠባቸውማ ጉድ ነው። በቀደም እሷ ለቅሶ አለብኝ ብላ ስትቀር፣ እሱም በእልህ አመመኝ ብሎ ቀረ።»

አለቃው ምሳ ሰዓት ላይ ሄዶ አያቸው። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ይበላሉ። የእሷ ምሳ ዕቃ ሰማያዊ ሆኖ ክዳኑ አረንጓዴ፣ የእሱ አረንጓዴ ሆኖ ክዳኑ ሰማያዊ ነው። ክዳን እንኳ ይሰራረቃሉ ብሎ በንዴት ተመለሰ።

ባክአፑን ለሸጠው ድርጅት ደወለ። «ሁለቱንም የሚያግባባ መካከለኛ ቨርዥን ሳይኖር አይቀርም፤ ባለሙያዎችህን ጠይቃቸው» አሉት።

ጠየቃቸው።

«አይሠራም» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ተስማምተው ሲናገሩ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ አመናቸው።

ከዚያ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲለምድ አዘዘ። ወጣቱ ወደ ሰርቨሩ አልጠጋም አለ። «ወደ ዲስኩ እሷ ካልገለበጠች፣ ለሚጠፋው ውጤት እኔን እንዳትጠይቁኝ።» እሷም ባሰች። «የባክአፑን ጣጣ በእኔ እንዳታላክኩ! የእሱን ዝርክርክ ሥራ አልወርስም።»

አለቃው ውጤቱን ሊወስድ የመጣ በሽተኛ ፊቱ ቆሞ «ጠፍቷል» ሲባል ታየው። ፈራ። መፍራቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። እስከ ኮሪደሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ።

«በቃ፣ ሁለታችሁም ቆዩ! እዚያው ተበላሉ! ድምፃችሁን ግን እንዳልሰማ!»

ከሥራ ሲወጡ በዋናው በር ላይ ተገፋፍተው አለፉ። የጥበቃው ሰው ራሱን ነቀነቀ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ ሄደ።

እትዬ ሰርቨር አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። መቀመጥ ለፈለገ ሁሉ «ሰው አለው» አለች። በሚቀጥለው ፌርማታ ወጣቱ እያለከለከ ተሳፈረ። ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና ተቀመጠ።

«እማዬ፣ አሳዳጊ የበደለህ ስትዪኝ ግን ራስሽን ነው የሰደብሽው።»