የበር ላይ ሰላምታ

ወይዘሮ አስካለ ሃምቡርግ ያለችውን አንዲት ልጃቸውን ትርሲትን ሊጠይቁ ሲሄዱ የሰው አገር አስፈርቷቸው ነበር። ትርሲት ግን ገና ከመድረሳቸው ሁሉን በወጉ አስረዳቻቸው፤ የቧንቧው ውኃ እንደሚጠጣ፣ መንገድ የሚሻገሩት አረንጓዴ ሲበራ ብቻ እንደሆነ፣ እሑድ ሱቅ እንደማይከፈት።

«ደግሞ እማዬ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ በዪ» ብላ አንዲት የጀርመንኛ አባባል አስጠናቻቸው። «‹እንኳን ደህና መጡ› ማለት ነው።»

የትርሲት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለእራት የመጡ ዕለት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆሙ። ለእያንዳንዱ እጅ እየነሱ ያችን አባባል አሏት። እንግዶቹም ፈገግ እያሉ ካፖርታቸውን አቀበሏቸው። «እንዴት ያለ ትሁት ሕዝብ ነው!» አሉ ወይዘሮ አስካለ በልባቸው።

መጨረሻ የገባችው ሐበሻ ነበረች። ለእሷም ያችኑ ደገሙላት።

«ኧረ እማማ፣ በአማርኛ ያናግሩኝ!» አለች ደንገጥ ብላ። «ለመሆኑ እዚህ ከተቀጠሩ ቆዩ?»

«መቀጠር? ማን አለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ‹የቤቱ ሠራተኛ ነኝ፤ ካፖርትዎን ልቀበልዎ› አሉኝ እኮ።»

ወይዘሮ አስካለ ወደ ሳሎኑ ዞር ሲሉ ከትርሲት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ትርሲት ፊቷን አዞረች።

«አዎ ልጄ፣ ቆየሁ» አሉና ካፖርቷን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።