የሻምበል መርዕድ አውሮፕላን

ጡረታ የወጣው የአውሮፕላን መካኒክ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራል። አንዳንዶቹ በሥራ ዘመኑ የጠገናቸው አውሮፕላኖች አምሳያ ናቸው። ሌሎቹን ከራሱ አፍልቆ ነው የፈጠራቸው፤ እነዚህኞቹ የአብራሪ መቀመጫ የላቸውም። ለምን ብለው ሲጠይቁት ወሬ ይለውጣል።

ሰናይት የመጣችው የአባቷን አውሮፕላን አምሳያ ልታሠራ ነው። አብራሪው አባቷ ሻምበል መርዕድ ከመሬት በተነሳ በደቂቃ ውስጥ ሲከሰከስ እሷ ገና አልተወለደችም።

«አውሮፕላኑን ያውቁታል፣ ጋሼ?»

«አውቀዋለሁ» አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ተሠርቶ ጠበቃት። ቁጥሩ፣ ክንፉ ሥር ያለው ጭረት፣ የመስኮቱ ንቃቃት ሳይቀር አለ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ ስታገላብጠው አፍንጫው ላይ የተንጠለጠለች ቀይ ጨርቅ አየች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የፍጥነት መለኪያው ቱቦ መሸፈኛ ናት። መሬት ላይ ሲቆም አቧራ እንዳይገባበት እናለብሰዋለን። ሊነሳ ሲል መካኒኩ ያወልቃትና ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳየዋል። አብራሪው ጨርቋን ሳያይ አይንቀሳቀስም። ካልወለቀች ፍጥነቱን ማወቅ አይችልም።»

ሰናይት አውሮፕላኑን ገልብጣ ሆዱን አየች።

«ጎማዎቹ ታጥፈዋል እኮ። እየበረረ ከሆነ ጨርቋ ለምን አልወለቀችም?»

ሽማግሌው ሙጫ የደረቀባቸውን ጣቶቹን ሲፈትግ ቆየ።

«የዚያን ቀን ሁለት አውሮፕላን ነበር የማዘጋጀው፣ ልጄ» አለ። «ለአባትሽ ያሳየሁት ጨርቅ የሌላኛው ነበር።»