የአመልካቹ አያት

ኃይለ መለኮት ያንን ጊዜ ሲያነሣ ራሱን «ብልጡ» እያለ ነው የሚጠራው። «ብልጡ እንዲህ አለ፣ ብልጡ እንዲህ አደረገ» ይላል፤ ሰሚው ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል።

ነገሩ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ብልጡ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ዊንጌት አጠገብ ከእናቱ ጋር ይኖራል፣ ሥራ የለውም። ሰርኬ የምትባል የቁስቋም ልጅ ግን ነበረችው። ሁለት ዓመት በድብቅ ሲገናኙ ከቆዩ በኋላ ቁርጡን ነገረችው፤ ቤተሰቦቿ ለሌላ ሰው ሊድሯት ሽር ጉድ ይዘዋል፣ እስከ ፋሲካ ሽማግሌ ካልላከ አለቀለት፣ ሥራ ለሌለው ሰው ደግሞ አባቷ በራቸውን አይከፍቱም። ኃይለ መለኮት እሷን ከማጣት ሞቱን ይመርጥ ነበር። ይህቺን ዛሬም ሲናገር አይስቅም።

ጉለሌ ያለ አንድ የተወረሰ የክር ፋብሪካ የግምጃ ቤት ጸሐፊ እንደሚፈልግ ሲሰማ ተሯሩጦ አመለከተ። ሰርኬም ደስታዋን መያዝ አቅቷት ስለ እሱም ስለ ሥራውም ለእናቷ ነገረች።

የተሰጠው ቅጽ ስድስት ገጽ ነበር። አናቱ ላይ «ምሥጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ትምህርቱን በአንድ መስመር ጠይቆ የቀረውን ሁሉ ስለ ዘመዶቹ ይጠይቃል፤ አባት ምን ነበሩ፣ አያት ምን ነበሩ፣ መሬት ነበራቸው ወይ፣ ውጭ አገር ማን አለ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ምን በሽታ አለ።

ችግሩ አያቱ ነበሩ። የቡልጋው ግራዝማች መሬትም፣ ጭሰኛም፣ የታወቀ ዘርም የነበራቸው ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አያት ይዞ ሥራ መጠየቅ እሳት ታቅፎ እንደ መግባት ነው። ብልጡ ጥቂት አሰበና ግራዝማቹን በእስክሪብቶ ጭሰኛ አደረጋቸው። የራሱንም ስም ፊውዳል ፊውዳል ሸቶት «ኃይሉ» ብሎ አሳጠረው።

ቅጹን የተቀበለችው የአስተዳደር ክፍል ጸሐፊዋ ደሳለች ናት። ሻይዋን እየጠጣች እዚያው ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ደስ ያላትን መስመር አጠገቧ ላለችው ባልደረባዋ ጮክ ብላ አካፈለቻት። የእናቱ ኩላሊት ላይ ስትደርስ ሰፈሯ ቁስቋም ውስጥ ማን ማንን ምን እንደሚያመው አንድ በአንድ አጫወተችው። በመጨረሻ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ከተከመረው ጋር ጣለችና «ማጣራት ይደረጋል» ብላ ሸኘችው።

ማጣራት የምትለዋ ቃል እንቅልፍ ነሳችው።

በሳምንቱ ባለሱቁ ሙዘይን ጠራው። አንድ ሽማግሌ ስለ እሱ ሲጠይቁ እንደዋሉ ነገረው። ይጠጣል ወይ፣ እጁ ለዱላ ይፈጥናል ወይ፣ እናቱን እንዴት ይይዛል ብለዋል። ሙዘይን ጥሩ ጥሩውን ተናግሮለታል። ኃይለ መለኮት የክር ፋብሪካ ይህን ያህል መጠንቀቁ ቢገርመውም ግምጃ ቤት ውስጥ ተደባዳቢ አይፈልጉም ብሎ ራሱን አሳመነ።

በማግስቱ ሰውዬው ራሳቸው መጡ። ስድሳ የሚሆናቸው፣ ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ ስማቸውን ያልተናገሩ ሰው ናቸው። ቅጹ ላይ ያለውን መስመር በመስመር ያውቁታል፣ የእናቱን ኩላሊት ጭምር። ከፋብሪካው ካልሆነ ከየት ሊያውቁት ይችላሉ? ኃይለ መለኮት «ይቀመጡ ጓድ» ብሎ ወንበር አቀረበ። ሰውዬው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተቀመጡ። እናቱ ገበያ መሆናቸው በጀው፤ ቢኖሩ ኖሮ ግራዝማቹን ከነበቅሏቸው ያመጡበት ነበር።

«የንስሐ አባትህ ማን ናቸው፣ ልጄ?» አሉ ሰውዬው።

ብልጡ ወጥመዷን ከሩቅ አያት። ንስሐ አባት እንደሌለው፣ እንዲህ ያለውን ኋላ ቀር ነገር ከተወ መቆየቱን በኩራት አስረዳ።

«አያቴ ጭሰኛ ነበሩ ብለሃል። እውነቱን ብትነግረኝ ምንም አይደርስብህም።»

ምንም አይደርስብህም ተብለው የት እንደደረሱ ያልታወቁ ጎረቤቶች ስላሉት፣ ኃይለ መለኮት ጭሰኛ ናቸው ብሎ ጸና።

«የአያትህ አባትስ?»

ቅጹ እንኳን አያት ላይ አቁሞ ነበር። አብዮቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ ብልጡ፤ ስለዚህ ከላይ ያለውን በሙሉ ለመቁረጥ ወሰነ።

«ከአያቴ ወዲያ ማንንም አላውቅም፣ ጓድ። እኛ ዘር የምንቆጥር ሰዎች አይደለንም።»

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አዩት። ዓይናቸው ላይ ሐዘን ነበር። ለጭቁኑ ሕዝብ ያዘኑ መስሎት የኃይለ መለኮት ልብ ተነካ፤ እስከ በር ድረስ ሸኛቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቅጥር ደብዳቤው ደረሰው። ማጣራቱ በሰላም ስላለቀ ደሳለችን ሲያመሰግናት ግር ብሏት አየችው። እሱ ግን ቆሞ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም፤ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ሽማግሌ የሚሆኑ ሦስት ሰዎች ለመነ። ለሰርኬ ቤት ጭሰኛ አያት ስለማይሆን ግራዝማቹን ወደ ማዕረጋቸው መለሳቸው። እናቱም ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት በቃል አስጠኗቸው፤ ዘሩን ቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ሳያረጋግጥ ልጁን የሚሰጥ አባት የለምና።

በቀጠሮው ቀን ኃይለ መለኮት ቤት መቀመጥ አቃተው። ቁስቋም ድረስ ተከትሏቸው ከሰርኬ ቤት አጥር ውጭ ተጠግቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩ ይሰማዋል። አንድም ስም አልዘለሉም፣ አንድም ማዕረግ አልረሱም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ብልጡ ደረቱን ነፋ፤ ሰርኬ የእሱ ሆናለች።

ከውስጥ የሰርኬ አባት መለሱ፤ «ልጁን ቤቱ ድረስ ሄጄ ራሱን ጠይቄው፣ ከአያቴ ወዲያ ማንንም አላውቅም ብሎኛል።»