የኦቦ ጃለታ ቃል

ኤልሳቤት የማኅተም ቀለሙን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ኦቦ ጃለታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቃልዎን በፈቃድዎ እንደሰጡን የሚያሳይ ቅጽ ነው። መጻፍ ካስቸገረዎ አውራ ጣትዎን ብቻ ያሳርፉበት።»

ኤልሳቤት የምትሠራው የካቶሊኮቹ ዩኒቨርሲቲ ሱሉልታ ላይ በከፈተው የምርምር ተቋም ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ስለ ሠራተኛ፣ ስለ መሬትና ስለ ድሃ ክብር የምታስተምረውን ያጠናሉ። አሁን መሬት ያጡ ገበሬዎችን ታሪክ ለመጽሐፍ እየሰበሰቡ ነው። ኦቦ ጃለታ ዳገቱን በእግራቸው የወጡት ለዚሁ ነው። የማሳቸውን ድንበር የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። እሳቸው ካለፉ የልጅ ልጆቻቸው አጥሩን እንጂ እርሻውን አያውቁም።

ማሳቸውን የከበበው አጥር በመስኮቱ ይታያል፤ ቆርቆሮ ነው። ፋብሪካ ይሠራበታል ከተባለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እስካሁን ሣር እንጂ ጭስ አልወጣበትም።

«ያኔም ቀለሙ ሰማያዊ ነበር» አሉ። «ክራባት ያሰረ ጎረምሳ፣ ‹ስብሰባ መገኘትዎን ነው› ብሎ ጣቴን ራሱ ይዞ ነከረልኝ። በማግስቱ፣ ማሳዬን ለቅቄያለሁ ብዬ እንደፈረምኩ ተነገረኝ። ለገብስ ሁለቴ ያረስኩትን።»

ኤልሳቤት የቀለሙን ክዳን አነሳች፤ ሳትገጥመው መልሳ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላሰብኩትም። ግን ያለ ፊርማ ቃልዎ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። ደንቡ የወጣው እርስዎን ለመጠበቅ ነው።»

«እኔን ለመጠበቅ እኔው ልፈርም?»

«አዎ።»

«የእናንተ አባ ኑዛዜ ሲሰሙ ያስፈርማሉ?»

ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አልቻለችም። «አያስፈርሙም።»

«ይኸው። የሰማ ነው በቃል የሚታሰረው።»

ዱላቸውን አነሱ። በሩ ቅርብ ነው። ከሄዱ ግን ማሳውም አብሯቸው ይሄዳል። ዱላውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወሳጇ አንቺ ነሽ። የሚወስድ ነው መፈረም ያለበት። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ ልትጽፊ አንቺ ፈርሚልኝ።»

ኤልሳቤት ቅጹን ገለበጠችና የነገሯትን ቃል ጀርባው ላይ ጻፈች። ጮክ ብላ አነበበችላቸው። በአፋን ኦሮሞም እየተደናቀፈች ደገመችው፤ አንድ ቦታ ላይ አረሟት። በእስክሪብቶ ልትፈርም ስትል በአገጫቸው ወደ ቀለሙ አመለከቱ።

አውራ ጣቷን ነክራ ከስሟ ሥር ተጫነች።

«ለኃላፊያችን እኔው አስረዳለሁ» አለች። «እሳቸው አልቀበልም ካሉ፣ እርስዎ ወረቀቱን ይዘው መጥተው ይጠይቁኝ።»

«እመጣለሁ።» ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ቀለሙ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። የኔ ሳምንት ቆይቷል።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«በምሥራቅ ድንበሩ ወይራ ነበር። ወይራውን አባቴ ነው የተከለው። ከሥሩ ምንጭ አለች፤ በጥቅምት ትደርቃለች።»

ኤልሳቤት ትጽፋለች። ገጽ በገለበጠች ቁጥር፣ ጥጉ ላይ የአውራ ጣቷ ሰማያዊ አሻራ ይቀራል።