«በልቻለሁ»

በአባቴ ሣልስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ አክስቴ ዘነቡ፣ ከአባቴ ጋር ድንጋይ ይፈልጡ የነበሩት ጋሽ ደምሰው እና እኔ ነበርን።

አባቴ ስድስት ልጆች ያሳደገው በመዶሻ ነው። ከሥራ ሲገባ ግን ገበታ ቀርቦ አያውቅም፤ «በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይላል። እናቴ ሌላ ሴት ቤት የሚበላ መስሏት ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፋው ኖረች። ባለፈው ሐሙስ ሥራ ላይ ሳለ አዙሮት ከድንጋይ ካባው አፋፍ ወደቀ። ሳይታረቁ ሞተ።

አክስቴ አላስችል አላትና፣ «ለመሆኑ ጋሽ ደምሰው፣ ያቺ የምታበላው ሴት ለቅሶ እንኳ አትደርስም?» አለች።

«የምን ሴት አመጣሽብኝ?» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ምሳውን ለቀን ሠራተኞቹ ሰጥቶ ጦሙን የሚውል ሰው! ቅመስ ስንለው፣ ‹ሚስቴ ራት ሳትበላ ትጠብቀኛለች፤ ያለ እሷ አይወርድልኝም› ይለናል። እኛማ እንቀናበት ነበር።»



እናቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበርና አክስቴ ሳህን አቀረበችላት። እናቴ «በልቻለሁ» አለችና ሳህኑን ለእኔ ሰጠችኝ።

እኔም በላሁ።